መስጊዱ ሲሰፋ ጎረቤቱ እንዳይርቅ

(የመስጊዳችን የእድሳትና የማስፋፋት ሥራ መጠናቀቁን ምክንያት በማድረግ በተደረገው ስብሰባ ላይ የመስጊዱ ኢማም ያደረጉት ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና እስከ ዕለተ ትንሣኤ ድረስ ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



ዛሬ የተሰባሰብንበት ጉዳይ ደስ የሚያሰኝ ነው። ለዓመታት ጣራውን በቆርቆሮ እየደፈንን፣ በክረምት ከሚያፈሰው ጥግ ምንጣፉን እየሰበሰብን የሰገድንበት መስጊዳችን በአላህ ፈቃድ፣ በኮሚቴው ድካምና በጀመዓው ገንዘብ ታድሶ፣ ፎቅ ተጨምሮበት፣ የሴቶች መስገጃው ሰፍቶ፣ የውዱእ ቦታው አምሮ ለማየት በቅተናል። ከጡረታ ገንዘባቸው ቀንሰው አንድ ኩንታል ሲሚንቶ የገዙ እናት አሉ። የሱቁን ሥራ ትቶ ከሌሊት ጀምሮ አሸዋ ሲያመላልስ የነበረ ወጣት አለ። ስማቸው እንዲጠራ አልፈለጉም። የሚያውቃቸው አላህ ነውና ምንዳቸውን ከእርሱ ያግኙ።

ኮሚቴው በዚህ ስብሰባ ላይ ስለ መስጊድ ክብር እንድናገር ጠይቆኝ ነበር። ስለ መስጊድ ክብር ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። ስለዚህ ፈቃዳችሁ ከሆነ ዛሬ ስለ መስጊዱ ጎረቤት፣ ማለትም በመስጊዱ ዙሪያ ስለሚያድረው ሰውና ስለሚያድርበት ቤት ጥቂት ልበል።

አንድ ነገር ሁላችሁም ሳትታዘቡ አልቀራችሁም። በዙህርና በዐስር ሰላት መስጊዳችን ይሞላል። በጁሙዓ ቀን ፎቁም ግቢውም አልበቃ ብሎ ሰው አስፋልት ላይ ይሰግዳል። በፈጅር ግን አንዱ ሶፍ ሞልቶ ሁለተኛው ግማሽ ላይ ይቀራል። እኔ በ1980ዎቹ በዚሁ መስጊድ መድረሳ ስቀራ በፈጅር አራትና አምስት ሶፍ ይቆም ነበር፤ ያውም መስጊዱ የዛሬውን ግማሽ እንኳ ሳያክል። እንግዲህ ቤቱ ሰፋ፣ የፈጅሩ ሰው ግን አነሰ።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲያዩ «ኢማን ደከመ» ይላሉ። ራሳችንን መመርመሩ መልካም ነው። ነገር ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። በፈጅር ወደ መስጊድ የሚመጣው በአቅራቢያው ያደረ ሰው ነው። በዚህ ሠፈር የሚያድረው ሰው ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሄዷል። ቀን የሚነግድበት ሰው የበዛ፣ ሌሊት የሚተኛበት ግን ያነሰ ሠፈር እየሆንን ነው።

ሠፈራችን እንዴት ነበረ?

የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ እንደነበረ አባቶች ያውቃሉ። ጣልያን ከተማዋን በያዘበት ዘመን ለአገሬው ሰው የተለየ ገበያ ሲያቋቁም ወደዚህ ወረደ። መርካቶ የሚለው ስምም ከዚያው ዘመን የቀረ ነው። ገበያው ሰው ጠራ። ከጉራጌና ከስልጤ፣ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረር የመጣ ሁሉ እዚህ ሠፈረ። ነጋዴው ከሱቁ ጀርባ ያድራል፤ ተሸካሚው፣ ልብስ ሰፊው፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ በየጓሮው በተሠራ የጭቃ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። መስጊዶቻችንም የበቀሉት ከዚሁ ሰው መካከል ነው። ሠፈሩ ሲረጋ ሰዉ የሚሰግድበትን አሰበ፤ አንዱ ቦታ ሰጠ፣ ሌላው እንጨት አመጣ። ስለዚህ መስጊድ ጎረቤትን አልፈጠረም፤ ጎረቤት ነው መስጊድን ያቆመው።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ሰው ከሚኖርበት ቤት በላይ የነበረው ትርፍ ቤት ተወረሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። በዚያ አዋጅ ብዙ ባለቤት አልቅሷል፤ ከእነርሱም መካከል የዕድሜ ልክ ላባቸውን ያጡ የዚህ መስጊድ አባቶች ነበሩ። በሌላ በኩል ግን ተከራዩ ከነበረበት ሳይነቃነቅ ቀረ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይጨምር በመቆየቱ በወር ከ10 ብር ባነሰ ገንዘብ በከተማዋ እምብርት የሚኖር ድኻ ነበረ። ባለ ሱቁና ጉልት ቸርቻሪዋ አንድ አጥር ተጋርተው ኖሩ። የአንዱ ልጅ በሌላው ቤት በላ፣ ጠጣ፣ አደገ።

ይህን ስል የቀበሌ ቤት ገነት ነበር ማለቴ አይደለም። ለአሥር ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ፣ ከወራት በላይ ያልተመጠጠ ጉድጓድ፣ ግድግዳው ዘሞ በእንጨት የተደገፈ ክፍል፣ ስምንት ሰው የሚተኛበት አንድ ጠባብ ቤት ሁላችንም እናውቃለን። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ቀበሌው የሚያድስበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ተከራዩም ቤቱ የራሱ ስላልሆነ አላደሰውም። ስለዚህ «ያ ጊዜ ይመለስ» የሚል ቃል ከእኔ አትሰሙም። የጠፋብን የጭቃው ግድግዳ ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ የነበረው ጉርብትና ነው።

ጎረቤታችን ወዴት ሄደ?

በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ለብዙ ሰው ተስፋ ሆነ። በ1997 ዓ.ም. ከአራት መቶ ሺህ በላይ ሰው ለኮንዶሚኒየም ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. እንደገና ምዝገባ ሲደረግ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉት መደቦች መጡ። የከተማዋ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2,739,551 ነበረ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ባይደረግም ቁጥሩ እጅግ መጨመሩን ለማወቅ ጠዋት ታክሲ ተራ መቆም ይበቃል። ስለዚህ ብዙ ተሠርቶም ተመዝጋቢው ተራውን ሲጠብቅ አርጅቷል፤ ዕጣውን ሳያይ የሞተም አለ።

በሌላ በኩል የመሃል ከተማ አሮጌ ሠፈሮች ለመልሶ ማልማት ይነሡ ጀመር። ልደታ ተነሣ። ከእኛው አጠገብ አሜሪካን ግቢ ተነሣ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ተነሣ። የቀበሌ ቤት ነዋሪ በሚነሣበት ጊዜ በሌላ ቦታ የቀበሌ ቤት መውሰድ ወይም ኮንዶሚኒየም መግዛት የሚል ምርጫ ቀርቦለታል። ስሙ በቀበሌው መዝገብ ያልሠፈረው ደባል ግን ብዙውን ጊዜ ምትክ አላገኘም።

ከዚህ ጀመዓ የወጡትን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ከፊሉ የካ አባዶ ነው፤ ከፊሉ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ፣ ከፊሉ ጀሞ ነው። ከመርካቶ ኮዬ ፈጬ ድረስ ከ20 ኪሎ ሜትር አያንስም። ለአምሳ ዓመት አንድም ጁሙዓ ከዚህ መስጊድ ያልቀሩ አንድ አባት ከተነሡ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ወራት ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ ይመጡ ነበር። ከዚያ በሁለት ሳምንት አንዴ ሆነ፤ ከዚያም በዒድ ብቻ። በመጨረሻ የመጡት በሰው ትከሻ፣ በጀናዛ ሣጥን ሆነው ነው። ልጆቻቸው «አባታችን እዚህ ይሰገድብኝ ብለዋል» አሉን። በዚያን ቀን ሰላተል ጀናዛ ሳሰግድ በልቤ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። እኒህ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ በነበሩበት ሠፈር አንድ ቀን እንኳ ሄደን አልጠየቅናቸውም ነበር።

የቤቱ ክፍያም ሌላ ፈተና ይዞ መጣ። በ20/80 ሃያው እጅ በቅድሚያ ተከፍሎ የቀረው ከባንክ በወለድ ብድር የሚሸፈን ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ደግሞ በሱረቱል በቀራ ንግድን ሲፈቅድ አራጣን እርም ማድረጉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ዕጣ ወጥቶለት እያለቀሰ የተወ አለ። ቤተ ዘመድ አዋጥቶለት ሙሉውን የከፈለ አለ። ልጆቹን ሜዳ ላይ ከመጣል ብሎ ልቡ እየከበደው የፈረመም አለ። እኔ ዛሬ በማንም ላይ ብይን ለመስጠት አልቆምኩም። ልል የምፈልገው ይህን ነው፤ ያ ወንድም ሲፈርምም ሆነ ሲተው ብቻውን ነበር። እኛ የመብራት ጌጥ ለመግዛት ስናዋጣ እርሱ የቅድሚያ ክፍያ ያበድረኝ ብሎ ቤት ለቤት ይዞር ነበር። ያለ ወለድ የሚያበድር ወንድም ሲጠፋ ወለድ በሩን ያንኳኳል።

በጊዜው መንገዱ ጠባብ ነበረ። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፍቱ መመሪያ ያወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ሲሆን ሂጅራ ባንክም ተከትሎታል። ዛሬ በሩ ከትናንቱ የተሻለ ተከፍቷል። ቢሆንም ባንክ ገቢና ማስያዣ ይጠይቃል። ገቢ የሌላት መበለት ዘንድ የሚደርሰው የጀመዓው እጅ ነው።

በቦታቸውስ ማን መጣ? የቀበሌ ቤቶቹ በነበሩበት ሕንፃ ቆመ፤ ከምድር እስከ ላይ ሱቅና መጋዘን ሆነ። ሌሊት በውስጡ የሚያድረው ጥበቃው ብቻ ነው። በተረፉት አሮጌ ቤቶች ደግሞ ከገጠር የመጡ ወጣቶች ስድስትና ሰባት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ያድራሉ። ሥራቸው ሸቀጥ መሸከም፣ ሱቅ መጠበቅ፣ በየመንገዱ መሸጥ ነው። እነዚህ ልጆች የዛሬዎቹ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ስንቶቻችን ስማቸውን እናውቃለን?

መዲና ምን ታስተምረናለች?

ወንድሞችና እህቶች፤ የቤት ችግር ለሙስሊሙ አዲስ ነገር አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲገቡ አብረዋቸው የተሰደዱት ሰሐቦች ቤትና ንብረታቸውን መካ ትተው የወጡ ነበሩ። ታዲያ በመዲና መጀመሪያ የተሠሩትን ሥራዎች ልብ ብላችሁ ብትመለከቱ መስጊድና መጠለያ ጎን ለጎን ሲሄዱ ታያላችሁ።

ግመላቸው የተንበረከከችበት ቦታ የሁለት የቲሞች ነበረ። ልጆቹ በነፃ እንስጥ ቢሉም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዋጋውን ሳይከፍሉ አልወሰዱም። ለአላህ ቤት እንኳ ቢሆን የድኻ መሬት በነፃ አልተወሰደም። ከዚያም ሙሃጂሩን ከአንሳር ጋር አወንድመው አንዱ ሌላውን ቤቱ እንዲያስገባ አደረጉ። አላህም በሱረቱል ሐሽር እነዚያን ራሳቸው ችግረኞች ሆነው ሳለ ስደተኛውን ያስቀደሙትን ሰዎች አመስግኗቸዋል። ቤት ያላገኘው ደግሞ በመስጊዱ ጥግ ሱፋ በሚባለው መጠለያ ያድር ነበር። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ከሱፋ ሰዎች አንዱ ነበሩ። ያ ጥግ ባይኖር ኖሮ ከእርሳቸው የተላለፈልን ያ ሁሉ ሐዲስ እንዴት ይደርሰን ነበር?

ሌላም አለ። በኒ ሰሊማ የሚባሉት ጎሣዎች ቤታቸው ከነቢዩ መስጊድ የራቀ ነበረ። በመስጊዱ ዙሪያ ቦታ ሲለቀቅ ወደዚያ ለመዛወር አሰቡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ ባሉበት እንዲቆዩ፣ ወደ መስጊድ የሚራመዱት እርምጃ ሁሉ እንደሚጻፍላቸው ነገሯቸው። ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። በቡኻሪ ዘገባ ደግሞ የመዲና ዳርቻ ባዶ እንዲሆን አለመፈለጋቸው ተጠቅሷል። ይህ ለእኛ ሁለት ትምህርት አለው። አንደኛው፣ ሩቅ የሄደው ወንድማችን እርምጃው አልባከነም፤ ምንዳው በርቀቱ ልክ ነው። ሁለተኛው፣ የከተማው ዳርቻም ሙስሊም ሊኖርበትና ሊሰግድበት የሚገባ ቦታ ነው። የካ አባዶ ያለውን ወንድም «ለምን ወደ እኛ አትመጣም?» ከማለት «እዚያ ምን እናግዝህ?» ማለት ይሻላል።

ጎረቤት ስል ሙስሊሙን ብቻ አይደለም። አብደላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) በግ ባሳረዱ ጊዜ አይሁዳዊው ጎረቤታቸው ከሥጋው ደርሶት እንደሆነ ደጋግመው መጠየቃቸውን እናስታውስ። ምክንያታቸውም ጂብሪል ስለ ጎረቤት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አደራ ከማብዛቱ የተነሣ ሊያወርሰው ነው እስኪባል መድረሱን መስማታቸው ነበር። በዚህ ሠፈር እድራችን የጋራ ነበረ። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በረመዷን ለልጆቻችን ሾርባ ሲያማስሉ፣ እኛም በለቅሷቸው ድንኳን ስንተክል ኖረናል። እነርሱም እንደ እኛው ተነሥተዋል። ናፍቆቱ የጋራችን ነው።

አራቱ ክፍሎች

አሁን ለመናገር ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ሽማግሌዎቻችን እንደሚተርኩት ለዚህ መስጊድ ወቅፍ ተደርገው ይከራዩ የነበሩ ቤቶች በ1967ቱ አዋጅ ተወርሰዋል። በግቢው ውስጥ ስለነበሩ የተረፉት አራት ክፍሎች ብቻ ነበሩ። በአንዱ ሙአዚናችን፣ በሁለቱ መጠጊያ የሌላቸው ሁለት መበለቶች፣ በአራተኛው ከገጠር የሚመጡ ደረሳዎች ይኖሩ ነበር። ማንም ኪራይ አይከፍልም ነበር።

መስጊዱ ሲታደስ እነዚያ አራት ክፍሎች ፈረሱ። በመንገዱ በኩል ስለነበሩ በቦታቸው ሱቆች ተሠሩ። የሱቆቹ ኪራይ መስጊዱን ያስተዳድራል ተባለ። ሐሳቡ ሲቀርብ ስብሰባው ውስጥ እኔም ነበርኩ። እጃችሁን አውጡ ሲባል እኔም አወጣሁ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ኮሚቴውን ለመውቀስ አይደለም። ወቀሳ ካለ ከእኔ ይጀምራል። ስለ ጎረቤት ሐቅ በሚንበር ላይ ስናገር የኖርኩ ሰው በዚያ ቀን «ሰዎቹስ የት ያድራሉ?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ዛሬ ሙአዚናችን በልጃቸው ቤት ከከተማ ዳር ይኖራሉ። የፈጅር አዛን የሚያደርግልን ከሱቅ ጠባቂዎች አንዱ የሆነ ወጣት ነው፤ አላህ ይጨምርለት። ከመበለቶቹ አንዷ ከዘመድ ተጠግተዋል። ሁለተኛዋ አራተኛ ፎቅ ላይ በደባልነት ይኖራሉ፤ ጉልበታቸው ደረጃውን ስለማይችል ከቤት አይወጡም። ባለፈው ረመዷን ልጠይቃቸው ሄጄ «ኢማም፣ አዛን ከሰማሁ ሰነበትኩ» አሉኝ። የሚመለስ ቃል አጣሁ።

በሱረቱ ተውባ አላህ መስጊዶቹን የሚያለሙት በእርሱና በመጨረሻው ቀን ያመኑ፣ ሰላትን የሚሰግዱ፣ ዘካን የሚሰጡ፣ ከእርሱም በቀር ሌላን የማይፈሩ መሆናቸውን ነግሮናል። ልብ በሉ፤ ከሰላት አጠገብ ዘካ አለ። እኛ በእብነ በረድ ያለማነውን መስጊድ በዘካና በሰደቃ ካላለማነው ሥራው ገና ግማሽ ነው።

ምን እናድርግ?

የከተማን ፕላን የምንወስነው እኛ አይደለንም። በአቅማችን ያለውን ግን ልጠይቅ።

አንደኛ፣ ከሱቆቹ ኪራይ ሲሶው ለመኖሪያ ቤት ጉዳይ በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥ ለኮሚቴው አቀርባለሁ። ከዚህ ገንዘብ የመበለትና የአረጋዊ የቤት ኪራይ ይከፈላል፤ ለቅድሚያ ክፍያ ለተቸገረ ቤተሰብ ያለ ወለድ ይበደራል። ሒሳቡ በየስድስት ወሩ ለጀመዓው ይነበብ። ከፎቁ ጀርባ ለዕቃ ማስቀመጫ የታሰቡት ሁለት ክፍሎችም አንዱ ለሙአዚን፣ አንዱ ለደረሳ መኖሪያ ይሁኑ። ዕቃ የትም ያድራል፤ አዛን የሚያደርግ ሰው ግን እዚሁ ማደር አለበት።

ሁለተኛ፣ የተነሡትን ቤተሰቦች በሙሉ እንመዝግብ። ማን የት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ መድረሳ እንዳቋረጠ እንወቅ። ወጣቶች በየሠፈሩ ሁለት ሁለት ሆናችሁ በወር አንድ ቀን ዚያራ ውጡ። የእድራችን ደብተርም ከቀበሌ ቤቱ ጋር እንዳይፈርስ በየአዲሱ ሠፈር ተወካይ ይኑረው።

ሦስተኛ፣ በአዲሶቹ ሠፈሮች በጋራ መገልገያ ቤትና በድንኳን እየሰገዱ ያሉ ጀመዓዎች አሉ። የመስገጃ ቦታ ጥያቄያቸውን በመጅሊሱ በኩል፣ በሕጋዊ መንገድ እንዲያቀርቡ እናግዛቸው። የተቀየረው ምንጣፋችን፣ ቁርኣኑና የመድረሳው ወንበር መጋዘን ውስጥ አይቀመጥ፤ ይላክላቸው። እኔም በሳምንት አንድ ማታ እዚያ ሄጄ ለማስቀራት ከዛሬ ጀምሮ ቃል እገባለሁ።

አራተኛ፣ በመካከላችን ቤት የምታከራዩ ወንድሞችና እህቶች አላችሁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ውሉም በሠላሳ ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሕጉን ለማምለጥ በወረቀት ሌላ፣ በእጅ ሌላ የምንቀበል ካለን አላህን እንፍራ። ደላላ «ገበያው ይህን ያወጣል» ባለ ቁጥር ተከራዩን ማስወጣት ሪዝቅ አይጨምርም። ገበያው የሚያወጣውንና ሕሊና የሚቀበለውን ለይተን እንወቅ።

አምስተኛ፣ እነዚያን ከገጠር የመጡ ወጣቶች እንቅረባቸው። ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ላለው ጊዜ የቂርኣትና የማንበብና መጻፍ ትምህርት እናዘጋጅላቸው። ሲታመሙ የሚጠይቃቸው፣ ሲሞቱ የሚገንዛቸው ይኑር። አባቶቻችንም በአንድ ወቅት ባዶ እጃቸውን ከገጠር የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ይህን መስጊድ ያቆሙት እነርሱ ናቸው። ሁለተኛውን የፈጅር ሶፍ የሚሞሉልን እነዚህ ልጆች ይሆናሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ኮንዶሚኒየም ለገባችሁም አንድ ቃል አለኝ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና እንደገቡ ያረፉት በአቡ አዩብ (ረ.ዐ.) ቤት ምድር ላይ ነበረ፤ አቡ አዩብና ባለቤታቸው ከላይ ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን የውኃ እንስራ ቢሰበርባቸው ከታች ወዳሉት እንዳይንጠባጠብ ሁለቱም ባላቸው ብቸኛ ልብስ ውኃውን ሲያደርቁ እንዳደሩ ተዘግቧል። የፎቅ ጉርብትና አደብ ይህ ነው። በደረጃው ላይ ዕቃ አትከምሩ። ዕርዱን በተመደበለት የጋራ ቤት አድርጉ። ከበላይ ሆናችሁ አትርገጡ፤ ከበታች ሆናችሁ አታጭሱ። ከሥጋችሁም በግድግዳ ለሚዋሰናችሁ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አድርሱ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው የአገራችን ተረት በጭቃ ቤት ብቻ የሚሠራ አይደለም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ አላህ በሱረቱ ኒሳእ የቅርቡንም የሩቁንም ጎረቤት መልካም እንድንውል አዞናል። የቅርቡ ጎረቤታችን ዛሬ ሩቅ ሆኗል። ሐቁ ግን ከእርሱ ጋር ርቆ አልሄደም፤ እዚሁ እኛ ዘንድ ቀርቷል። ኮሚቴው ያቀረብኩትን ተወያይቶ የተሻለ ካገኘ በደስታ እቀበላለሁ። ብቻ ይህ ያማረ ቤት በቀን የሚያጨናንቁት፣ በፈጅር የሚረሱት ቤት እንዳይሆን አደራ።

አላህ ሆይ! ለዚህ መስጊድ የለፉትን ሁሉ ሥራቸውን ተቀበላቸው። ከዚህ ሠፈር ተነሥተው የተበተኑትን ባሉበት በኢማን አጽናቸው፤ ቤታቸውን የሰላምና የበረካ ቤት አድርግላቸው። ቤት ለሌላቸው መጠለያን፣ በዕዳ ለተጨነቁ መውጫን ስጣቸው። የሞቱብንን አባቶችና እናቶች ማርልን። የረሳነውን ሐቅ ሳንጠየቅበት በፊት የምናስታውስ አድርገን። አገራችንንና ሕዝቧን በሰላም ጠብቅልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።